የአውሮፕላን ቅርጫ

ቡሬ መገንጠያው አጠገብ ካሉት የመለዋወጫ ሱቆች ወደ አንዱ ገብታችሁ የአውሮፕላን ፋሻ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጠይቄያለሁ። ባለ ሱቁ አልሳቀብኝም፤ ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። ፊቱን ከመደርደሪያው ሳያዞር፣ ኦርጅናል ነው የምትፈልገው ወይስ ታይዋን ብሎ ጠየቀኝ። የመለዋወጫ ነጋዴ «የለም» የምትባለውን ቃል እናቱ አላስተማረችውም። ኦርጅናል ስለው ትናንት ማለቁን ነገረኝና ጎረቤቱን እንድሞክር መከረኝ። ጎረቤቱ ደግሞ የስንት ሞዴል እንደሆነ ጠየቀ። ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ የነበረ ነው ስለው አሰብ አደረገና የአይሱዙ ፋሻ አውጥቶ፣ ትንሽ በሞረድ ከተነካ እንደሚገጥም በልጆቹ ማለልኝ። ፋሻ ማለት፣ መካኒክ ላልሆናችሁት፣ ፒስተን ወገቡ ላይ የሚታጠቀው የብረት ቀለበት ነው።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይላሉ። እኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የመኪና ጥገና የማስተምር፣ ደመወዜን የምበላ፣ ሰላማዊ ሰው ነበርኩ። ሥራዬ ሞተር ፈትቶ ማሳየት፣ ከዚያ መልሶ መግጠም ነው። ገጥሜ ስጨርስ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ብሎን ይተርፈኛል፤ ተማሪዎቼም ጨዋ ስለሆኑ አይተው እንዳላዩ ያልፉኛል። አውሮፕላን ግን በሕይወቴ ያየሁት ወይ በቴሌቪዥን ወይ አንገቴን ቀና አድርጌ ነው።

ነገሩን ያመጡት አያ ታከለ ናቸው። አያ ታከለ ከላህ ወንዝ ማዶ የሚኖሩ፣ ሰማንያን የዘለሉ ገበሬ ናቸው። አባታቸው በጣልያን ጊዜ አርበኛ ነበሩ። አንድ ቀን አንድ የጠላት አውሮፕላን እየተንገዳገደ መጥቶ ጨፌው ላይ አረፈ፤ ጎማው ረግረጉ ውስጥ ሰጠመና ሞተሩ እየጮኸ ቀረ። ከብቱ ደነበረ፣ ሰው ወደ ጫካ ሸሸ። የአያ ታከለ አባት ግን ጎራዴ መዝዘው ወደ ጩኸቱ ሮጡ፤ ነጂውንም ማረኩ፣ ሞተሩንም ማረኩ። ነጂው በኋላ ተለቀቀ። የሞተሩን ሆድ ዕቃ ግን ወደ ቤታቸው ወስደው ጎተራ ሥር አስቀመጡት፤ ምርኮኛ ማጎሳቆል ነውር ነው ብለውም በየዓመቱ የበሬ ሞራ አቅልጠው ይቀቡት ነበር። አባት ሲሞቱ ቅባቱን ልጅየው ቀጠሉ። እኔ በደረስኩበት ጊዜ ያ ብረት ከእኔ ይልቅ ወዝ ነበረው።

ጣጣው የተነሣው ሰንበቴ ላይ ነው። ባለ ወፍጮው አያ ደሴ ጠላ ቀመስ አድርገው፣ ያ የታከለ ብረት የወፍጮ ሞተር ነው፤ አውሮፕላን የሚባል ነገር በዚህ አገር ወድቆ አያውቅም አሉ። ሰው ሳቀ። አያ ታከለ ዋንጫቸውን አስቀምጠው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ሰንበቴው ደጅ አልደረሱም። ይልቅ በጋሪ ተሳፍረው እኔ ዘንድ መጡ።

«ልጄ፣ ይህን ነገር አንድ ጊዜ ብቻ አስጩህልኝ» አሉኝ። «ድምፁን የሰማ ሰው ወፍጮ ነው አይልም። እኔ ከመጪው መኸር ወዲያ ቀጠሮ አልይዝም። አባቴ ቀጣፊ እንደተባሉ መሞት አልፈልግም።»

አስተማሪዎቹ ሁሉ ሻይ ይዘው ያዩኝ ነበር። ሰው ሲያየኝ ደግሞ እኔ ሌላ ሰው ነኝ። ካላስነሣሁት ከዛሬ ጀምሮ መካኒክ አትበሉኝ ብዬ በሚካኤል ማልኩ። ከማልኩ በኋላ ነው ሞተሩን ለማየት የሄድኩት።

ሞተሩ ክብ ነው። ዘጠኝ ሲሊንደሮች እንደ አደይ አበባ በዙሪያው መደርደር ነበረባቸው፤ ያሉት ግን ዘጠኝ ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው። ፒስተን የለም፣ እሳት የሚያመነጨው ማግኔቶ የለም፣ ካርብራቶር የለም። ሌላው የት ደረሰ ብዬ ስጠይቅ አያ ታከለ እጃቸውን ወደ ሸለቆው ዘርግተው፣ አገሬው ዘንድ ነው አሉኝ። እኔ ከተሜው ይህን ስሰማ የገባኝ አንድ ነገር ነው፦ ተዘርፏል። ያን ጊዜ አንዲት ጥያቄ ብጨምር ኖሮ የሚቀጥለው መከራ ባልደረሰብኝ።

የተዘረፈ ነገር በምን ይወጣል? በግዝት። የደብሩን ቄሰ ገበዝ፣ መምሬ ዓለሙን ደጅ ጠናሁ። ግዝት የጅራፍ ጩኸት አይደለም፣ ካወጡት በኋላ አይሰበሰብም ብለው መከሩኝ። እኔ ግን ለአያ ታከለ ሲባል እያልኩ ጨቀጨቅኋቸው። ቃሉንም የጻፍኩላቸው ራሴ ነኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆመው፣ ከአውሮፕላኑ ላይ ያለ አግባብ ብረት የወሰደ፣ የወሰደውን እያወቀ ዝም ያለ፣ ከየት እንደመጣ የማያውቀውን ብረት በቤቱ ያስቀመጠ፣ በሳምንት ውስጥ ጥገና ማስተማሪያው ግቢ ካላመጣ የተገዘተ ይሁን አሉ። ያቺን «ከየት እንደመጣ የማያውቀውን» የምትለዋን የጨመርኩት ለጥንቃቄ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስመጣ የግቢው በር አልከፈት አለኝ። ከኋላው ብረት ተቆልሎበት ነው። ማረሻ፣ ማጭድ፣ የአልጋ ሽቦ፣ የበር መቀርቀሪያ፣ እጀታ የሌለው መጥረቢያ፣ የስፌት መኪና እግር። ለካ በሰው ቤት ያለ ብረት ሁሉ ከአባት የተወረሰ ነው፤ አባትም ከየት እንዳገኘው የሚያውቅ የለም። አንዲት እናት አንድ ማንኪያ በነጠላ ጠቅልለው አመጡ። አንድ ባጃጅ ነጂ የጭስ ማውጫውን ፈትቶ ትቶልን እየጮኸ ሄደ። ዘንድሮ የተረከበውን፣ ወረቀቱ እንኳ ያልተላጠለትን የውሃ ፓምፕ በአህያ ጭኖ የመጣ ገበሬ ነበር፤ ይሄ አዲስ ነው እኮ ስለው፣ የሰጡኝ ሰዎች ከየት እንዳመጡት እኔ በምን አውቃለሁ አለኝ።

ሐሙስ ዕለት ከግብርና የመጣ ባለሙያ በዚያ ቀበሌ እርሻ ለምን እንደቆመ ሊያጣራ በር ላይ ቆመ። ማረሻው ሁሉ እኔ ዘንድ ነዋ። የግቢው ኃላፊ ጠርተውኝ የምሠራው ሞተር ነው ወይስ የብረታ ብረት ክምር ነው ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ሁሉ ብረት ውስጥ ደግሞ ከአውሮፕላን የመጣ አንዲት ብሎን አልተገኘችም። መጨረሻ ላይ መምሬ ዓለሙ ግቢያችን ድረስ መጥተው፣ መስቀላቸውን ይዘው ክምሩ ፊት ቆመው፣ ይፍታችሁ አሉ። እኔን ግን ገና አልፈቱኝም ነበር፤ ባለቤቱን ከማረሻው ማገናኘት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የምትባለዋ ሴት እኔ ነኝ።

ጾም በገባ በሦስተኛው ቀን ጭልፋቸውን ሊወስዱ የመጡት እትየ የሽሙ ወገቤን ይዤ ሳቃስት አዩኝ። እትየ የሽሙ በአካባቢው የታወቁ የቁርጥማት ሐኪም ናቸው። ና ቤቴ፣ በመኪና አክምሃለሁ አሉኝ። ሄድኩ። አንድ ሽቦ አስያዙኝ፤ ከጨርቅ ሥር የሆነ ነገር ይዘው መዘወር ጀመሩ። ቀጥሎ የማስታውሰው ከዶሮዎቹ መሀል ስነሣ ነው። ወገቤ በእርግጥ ድኗል፤ ሌላው አካላቴ ግን የት እንዳለ ለጊዜው አላወቅኩም። ጨርቁን ስገልጠው ማግኔቶው ነው። እንደሚሠራ በመሣሪያ ማረጋገጥ አላስፈለገኝም።

እንዴት ግዝቱን ሰምተው ዝም አሉ ብዬ ጠየቅኋቸው። ተቆጡ።

«ግዝቱ ለወሰደ ሰው ነው። እኛ መች ወሰድነ? ዕጣ ወጥቶልነ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ቁጭ ብለው ነገሩን ከሥሩ አጫወቱኝ። ያኔ አውሮፕላኑ በተማረከ ማግስት የአያ ታከለ አባት፣ ጠላት የጋራ ነው፣ ምርኮውም የጋራ ነው ብለው አገሩን ጠሩ። ጨፌው ላይ የኮባ ቅጠል አነጠፉ። የተጋራ ምርኮ ደግሞ በእኛ አገር የሚከፋፈልበት መንገድ አንድ ነው። ክንፉን ለብቻ፣ ሲሊንደሩን ለብቻ፣ ከትልቁ ከትንሹ እያመጣጠኑ፣ ልክ እንደ ቅርጫ በሬ መደብ መደብ አደረጉት። ዕጣ ተጣለ፤ ሁሉም የደረሰውን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። ለእትየ የሽሙ አባት ማግኔቶው ወጣላቸው። ስለዚህ እኔ በግዝት ያስፈራራሁት ምድረ ንጹሕ ሰው ነው፤ አውሮፕላኑን የያዘው ሰው ሁሉ ደግሞ ኅሊናው ሰላም ነበር።

ቅርጫ ተካፍሎ የሄደን ሰው ሥጋዬን መልስ አይሉትም። ታዲያ ምን ይሻላል ብዬ ጠየቅኋቸው። እትየ የሽሙ ጭልፋቸውን አንሥተው፣ በቅርጫ የወጣ በቅርጫ ይመለሳል አሉ። ማለት፣ በሬ ይታረድ፤ አንድ መደብ ብረት ያመጣ አንድ መደብ ሥጋ ይውሰድ። ከደስታዬ ብዛት ላቅፋቸው ፈለግኩ፤ ወዲያው ግን ዐቢይ ጾም መግባቱ ትዝ አለኝ። በዚያ አገር በጾም መሀል የበሬ ሐሳብ ያመጣ ሰው ከተገዘተው አይሻልም። ሃምሳ ምናምን ቀን አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

እጄን ግን አልዘጋሁም። ቡሬ ያለ አንድ የቶርኖ ባለሙያ ፋሻዎቹን ከወፍራም ቧንቧ እየቀረጸ ሊሠራልኝ ተስማማ፤ ለምን እንደሆነ ስነግረው በሁለት እጁ ጨበጠኝ። በሲሊንደርና በሞተሩ ሆድ መካከል ገብቶ ዘይት እንዳያፈስ የሚያግድ ጓርኒሲዮን ከየትም ስላጣሁ መምሬ ዓለሙ አንድ ብራና ፋቂ አገናኙኝ፤ የፍየል ቆዳ ፍቆ፣ ወጥሮ፣ በልኬ ቆረጠልኝ። መዝሙረ ዳዊት የሚጻፍበት ብራና ቤንዚን ሲጠጣ ማየት ለሁለታችንም ከብዶን ነበር። ፕሮፔለሩን ሞፈር ጠራቢ ከዋንዛ ጠረበው። የጠረበው ነገር ምን እንደሆነ ባይገባውም፣ ሁለቱ ወገን ሚዛኑ እንዲገጥም የወሰደው ጥንቃቄ የእኔን ደብተር ሁሉ ያስንቃል።

ጾሙ ሲፈታ የበሬውን ነገር ለአገሩ አሳወቅን፤ በዳግማይ ትንሣኤ አያ ታከለ ዳማ በሬያቸውን ጎትተው ጨፌው ላይ ደረሱ። የጥማዱ ቀኝ ነው። መኸር ሳይመጣ ጥማድ ማፍረስ ለገበሬ ቀልድ አይደለምና፣ አንቱ፣ ሌላ እንፈልግ ብዬ ለመንኳቸው። በሬ ይተካል፣ ስም አይተካም አሉኝ። ዞር ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ።

ከዚያ ሰው መምጣት ጀመረ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እውነት ነው። ዶሮ ውሃ የሚጠጣባቸው ፒስተኖች መጡ። ፒስተኑን ከሚዞረው ዘንግ፣ ከኮሎው፣ የሚያያይዙት ቤላዎች ከበር መቀርቀሪያነት ተነሥተው መጡ። ሲሊንደር አንዱ የምሰሶ መቆሚያ፣ አንዱ የጠላ ጋን ማስደገፊያ፣ አንዱ የእህል መስፈሪያ ሆኖ ሰባ ሰማንያ ዓመት የኖረ ነው። ካርብራቶር ያመጣው ሰውዬ፣ የደረሰኝ የአውሮፕላኑ ጉበት ስለሆነ ጉበት ካልተሰጠኝ አልወስድም አለ። አንድ ሌላ ሰው አንዲት ብሎን ብቻ ይዞ መጥቶ ሙሉ መደብ ጠየቀ። ጉምጉምታ ተነሣ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው መከሩና፣ ዕጣ አይመዘንም ብለው ፈረዱለት። ያቺ ብሎን የፕሮፔለሩ ማሰሪያ ሆና ስትገኝ ተጨማሪ ጭቅና ልሰጠው ነበር።

አያ ደሴም መጡ። ከወፍጯቸው ሥር ለዘመናት ሽብልቅ ሆኖ የኖረ ሲሊንደር አውጥተው አስቀመጡና፣ እነሆ፣ ከወፍጮ የወጣ የወፍጮ ዕቃ አሉ። መደባቸውን ግን ወሰዱ።

ስንቆጥር ሲሊንደሩ ስምንት ነው። ኮባው ላይ አንድ መደብ ሥጋ ቀርቷል፤ የሚያነሣው ጠፋ። አያ ታከለ ከአባታቸው የሰሙትን የባለ ዕጣዎች ስም አንድ በአንድ ጠሩ፤ ሁሉም ወስዷል። መጨረሻ ላይ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ አንዱ ለታቦቱ ነበር አሉ። በዚያች ደቂቃ የሰርክ ጸሎት ደወል ተደወለ። ያን ደወል ወደዚያ በመጣሁ ቁጥር ስሰማው ኖሬያለሁ። ያን ቀን ግን ሁላችንም አንገታችንን ወደ ደብሩ ዋርካ አዞርን። ከቅርንጫፉ ላይ፣ አፉን ወደ ታች ደፍቶ፣ ዘጠነኛው ሲሊንደር ተንጠልጥሏል።

መምሬ ዓለሙ ራሳቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሲሊንደሩን ቢሰጡ የታቦቱን ንብረት አሳልፈው ሰጡ ሊባል ነው፤ ባይሰጡ ግዝቱ የወጣው ከራሳቸው አፍ ነው። ሽማግሌዎች እየተመላለሱ፣ እኔ በጉልበቴ እየለመንኩ፣ መጨረሻ ላይ ሲሊንደሩ ለአንዲት ቀን ብቻ በውሰት እንዲወጣ ተወሰነ። ጠዋት ይወጣል፤ ለሰርክ ይመለሳል። ዋስ አምጣ ተባልኩ። አያ ታከለ በዘጠና ዓመት አፋፍ ላይ ሆነው፣ እኔ ዋሱ ነኝ ብለው ተነሡ።

ስምንቱን አጥቤ፣ ፍቄ፣ ገጥሜ አራት ሳምንት ፈጀሁ። ዘጠነኛው በባጃጅ ፍኖተ ሰላም የገባው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ከጎኑ መምሬ ዓለሙ ጃንጥላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ከእጃቸው አልለየው ብለዋል። ሰማንያ ዓመት በውጭ ሲደበደብ ኖሮ ውስጡ አንዲት ጭረት የለችበትም። ገጠምኩት። የአያ ታከለ ቀበሌ ሰው በአይሱዙ ተጭኖ ግቢውን ሞላው፤ አያ ደሴ ከፊት ቆሙ።

ስድስት ጎልማሶች የፕሮፔለሩ ጫፍ ላይ የታሰረውን ጠፍር ያዙ። ሳቡ፤ ሞተሩ አንዴ ሳለ። ደግመው ሳቡ፤ እሳት ተፋና ሕዝቡ አንድ ላይ ተኛ። በሦስተኛው ምንም የለም። በአሥረኛውም የለም። ጎልማሶቹ ላብ በላብ ሆኑ፤ መምሬ ዓለሙ ፀሐይዋን ያያሉ፤ አያ ደሴ ወፍጮ እኮ መጀመሪያ ናፍጣ ይጠጣል እያሉ ለጎረቤታቸው ያስረዳሉ። አያ ታከለ መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ማግኔቶውን ፈተሽኩ፣ ካንዴላዎቹን ፈተሽኩ፣ የአምላክን ስም በሙሉ ጠራሁ። በመጨረሻ አንድ ተማሪዬ ጠጋ ብሎ በጨዋ ደንብ፣ መምህር፣ የቤንዚኑ ቧንቧ መከፈት አለበት ወይስ ለጊዜው ይቆያል ብሎ ጠየቀኝ። አልከፈትኩትም ነበር።

ከፈትኩት። ጎልማሶቹ ጠፍሩን ሳቡ።

እንግዲህ ድምፁን እንዴት ልንገራችሁ። ዘጠኙም ሲሊንደሮች ባንድ ጊዜ ተነሡ። የግቢው ቆርቆሮ ተንጫጫ፤ የፈተና ወረቀት በመስኮት ወጥቶ በረረ፤ የመምሬ ጃንጥላ ተገልብጦ ሄደ። በዋናው መንገድ ላይ የነበሩት የጋሪ ፈረሶች ሁሉ፣ ግማሾቹ ከነተሳፋሪያቸው፣ ወደ ደምበጫ አቅጣጫ ነጎዱ። ሕዝቡ በአጥር ዘለለ። አያ ደሴን ያየሁት ከትምህርት ክፍል ጠረጴዛ ሥር ነው፤ ጠጋ ብለው እኔንም አስገቡኝ። ሠራሁት ያልኩት ሰው እኔ፣ ከራሴ ሥራ ሸሽቼ ጠረጴዛ ሥር ሆኜ በደስታ እጮኽ ነበር። አያ ደሴም ጆሮዬ ላይ አፋቸውን ገጥመው፣ ይሄስ ወፍጮ አይደለም፣ ሰንበቴው ላይ በአፌ እናገራለሁ አሉኝ።

ቀና ስል ሜዳው ላይ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል። አያ ታከለ ጋቢያቸው ከኋላቸው እየተውለበለበ፣ ዱላቸውን ጨብጠው፣ በቀስታ ወደ ሞተሩ ይሄዳሉ። ዘልዬ ወጥቼ በአንድ እጄ እሳቸውን ያዝኩ፣ በሌላው ቤንዚኑን ዘጋሁ። ፕሮፔለሩ እየተንፏቀቀ ቆመ። ሰው ከያለበት እየወጣ እልል አለ፤ ጎልማሶቹ እኔን ትከሻቸው ላይ አወጡኝ፤ መምሬ ዓለሙ ያለ ጃንጥላቸው እየተሯሯጡ ሲሊንደሩ ይፈታ ይላሉ፤ በእርግጥም ለሰርክ ደረሰ፤ ሲደወል ገና ትኩስ ነበር።

ከትከሻ ላይ ስወርድ አያ ታከለ ካቆምኳቸው ቦታ አልተነቃነቁም። እንባቸው በጺማቸው ላይ ይወርዳል። እንኳን ደስ አለዎት፣ ከእንግዲህ አባትዎን ቀጣፊ የሚል የለም አልኳቸው። እጄን ይዘው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ወደዚህ ድምፅ በጎራዴ ሮጡ ብዬ ለሰው ስምል ዕድሜዬን ጨረስሁ» አሉኝ። «እኔ ራሴ ያመንኋቸው ግን ዛሬ ነው።»